«ስህተት ተፈጥሯል» ማለት መልስ አይደለም

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጠራ። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ጫማ የምትሸጥ ደንበኛዬ ነች። «አቦ፣ ብሩ ተቆርጧል አልተቆረጠም? ሰውየው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው!»

የሱቋን የሽያጭ መተግበሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ ሎጉን፣ ማለትም መተግበሪያው የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ አየሁ። ከክፍያ ድርጅቱ ኤፒአይ (የእኔ ፕሮግራም ከእነሱ ሲስተም ጋር የሚነጋገርበት በር) የመጣው የመልስ ኮድ 200 ነው። «ተሳክቷል» ማለት ነው። ውስጡ ግን አንዲት መስመር አለች፦ «ስህተት ተፈጥሯል»።

የምን ስህተት? የማን? ደግማ ትላክ? ብሩ ተቆርጦ ከሆነስ? ሁለቴ ሊከፍል ነው። ምንም ልላት አልቻልኩም። ሰውየውም ጫማውን ትቶ ሄደ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ማታ ነው፣ ያውም አንድ በአንድ እየሞከርኩ። የሰውየው ስልክ በ07 ይጀምራል። የድርጅቱ ሲስተም የሚቀበለው በ09 የሚጀምረውን ብቻ ነው። ይኸው ነው። ይህን በአንድ መስመር ጽፎ መላክ ምን ይከብዳል?

ኮዶቹ እኮ ለዚህ ነው የተሠሩት። በ4 የሚጀምር ከሆነ ችግሩ የላኪው ነው፤ አስተካክሎ ይላክ። በ5 ከጀመረ የሰርቨሩ ነው። 429 ደግሞ «በዛብኝ፣ ቆይ» ማለት ነው፤ ስንት ሰከንድ እንደሚጠበቅም አብሮ መላክ ይቻላል። ፕሮግራም አማርኛም እንግሊዝኛም አያነብም፤ ቀድሞ የሚያየው ቁጥሩን ነው። ለከሸፈ ክፍያ 200 መላክ ለእኔ ውሸት ነው። የላኪውን ስህተት 500 ብሎ መመለስም ያው ነው፤ ፕሮግራሜ መቼም የማያልፍ ጥያቄ ሲደጋግም ይውላል።

አዲስ ነገር ፍጠሩ አላልኩም። ኤፒአይ ስህተትን እንዴት እንደሚናገር የሚያስቀምጥ አርኤፍሲ 9457 የሚባል የኢንተርኔት መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2023 ወጥቷል፤ የ2016ቱን 7807 የተካ ነው። የችግሩን ዓይነት፣ አጭር ርዕሱን፣ ኮዱን፣ ዝርዝሩን እና የዚያን ክስተት መለያ በአንድ ቅርጽ ያስቀምጣል። መለያዋን በተለይ እወዳታለሁ። ድርጅቱ ጋ ስደውል «ይቺን ፈልጉልኝ» እላለሁ፤ ያለ እሷ ግን «በስንት ሰዓት ነበር?» በሚል ጥያቄ ግማሽ ቀን ያልፋል።

«ዝርዝር ከሰጠን ሰርጎ ገቦችን እናግዛለን» የሚሉ አሉ። በከፊል ልክ ናቸው። የይለፍ ቃል ሲሳሳት ስሙ ይሁን ቃሉ የተሳሳተው አይነገርም። የዳታቤዝ ሠንጠረዥ ስምም መውጣት የለበትም። ስልክ ቁጥር በምን መጀመር እንዳለበት ግን ምን ምስጢር አለው?

ለድርጅቱ ጽፌያለሁ። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው፦ 200ውን ወደ 422 («የላክኸው መረጃ ልክ አይደለም») ቀይሩልኝ፣ የትኛው ፊልድ፣ ለምሳሌ ስልክ ቁጥሩ፣ እንደተሳሳተ ንገሩኝ። እስካሁን መልስ አልመጣም። ደንበኛዬ በ07 የሚጀምር ስልክ ያለው ሰው ሲመጣ አሁንም በጥሬ ገንዘብ ነው የምትቀበለው።