ማስተካከያ፦ አንገት ያበጠ ሁሉ አዮዲን አያብዛ

ባለፈው ሳምንት ስለ እንቅርት ስጽፍ «አንገቱ ያበጠ ሰው አዮዲን ያብዛ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። እዚሁ ሐዋሳ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ጽሑፉን አስነብበው፣ የአዮዲን እንክብል ሊያስገዙ ሲሉ ደረስኩ። የእሳቸው እብጠት የሃያ ዓመት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዮዲን ሲያንስ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ሆርሞን ለመሥራት ይታገልና ያብጣል። ለዓመታት በቆየ እንቅርት ላይ ግን አዮዲን በአንዴ ሲበዛ እጢው ሆርሞን ከልክ በላይ ሊያመርት ይችላል። ልብ ድው ድው ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውየው ይከሳል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው! አንዳንዱ ላይ ደግሞ በተቃራኒው እጢው ሥራውን ይቀንሳል።

ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃል፤ ለነፍሰ ጡር 250። አዮዲን ያለው ጨው አብዛኛውን ሰው ይበቃዋል። ጨው አብዙ አላልኩም፤ የምትበሉትን ቀይሩት ነው የምለው። ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር። ለቁስል የሚቀባው አዮዲን ደግሞ በጭራሽ አይጠጣም።

እብጠት ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪም ይየው፣ ደሙም ይመርመር። ጎረቤቴም እንክብሉን ትተው ለሰኞ ቀጠሮ ይዘዋል።