ወደ ላይ የሚወርደው መንገድ

ደሴ ተወልዶ አድጎ ሰሜንና ደቡብ የሚል ሰው አላጋጠመኝም። ምን ያደርግለታል! እኛ ያለን ላይና ታች ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። በመሃል የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስለዚህ ኮምቦልቻ ይወረዳል፣ ደሴ ይወጣል። «ኮምቦልቻ ሄድኩ» የሚል ካጋጠማችሁ እንግዳ ነው፤ ቡና አፍሉለት።

ታዲያ በቀደም ክረምት ከከተማው መውጫ ላይ መንገዱ ተቆፈረና መኪና በሌላ በኩል እንዲዞር ተደረገ። ስንወርድበት የኖርነው መንገድ ወደ ደሴ መውጫ ብቻ ሆነ። ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ ወደ ጦሳ ተራራ ሽቅብ ወጥቶ፣ ዞሮ ነው የሚወርደው። «ኮምቦልቻ» የሚለው ታፔላም ተነቅሎ አዲሱ መታጠፊያ ላይ ተተከለ። ቀስቱ የሚያሳየው ተራራውን ነው።

በዚያ ሰሞን ሚኒባስ ተሳፍሬያለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ስልካቸው ጮኸ።

«አዎ፣ እየወረድኩ ነው» አሉ።

መኪናው በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል። ሚስትየው የደሴ ሰው ናቸው መሰለኝ፣ ጆሯቸው አልተታለለም። ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማል።

«ምን ትወርዳለህ! ዳገት የያዘ መኪና አላውቅም እንዴ? የት ነው የምትወጣው?»

«ወላሂ እየወረድኩ ነው!»

«ከማን ጋር?»

ሰውዬው ጨነቃቸው። ስልኩን ለረዳቱ ሰጡት፣ ምስክር ይሁናቸው ብለው። ረዳቱ ጉሮሮውን ጠራረገና፣

«አብሽሪ እትዬ፣ እየወረድን ነው። ግን ወደ ላይ ነው» አለ።

ስልኩ ተዘጋ። የሰውዬውን ፊት ማየት አልቻልኩም፤ እስከ ሐረጎ ድረስ በመስኮት ሲያዩ ነበር።

ይህን ነገር ቨርጂኒያ ለሚኖር የአክስቴ ልጅ አጫወትኩት። ከባድ መኪና ነው የሚነዳው። ሳቀብኝ። ዊትቪል በምትባል ከተማ አጠገብ አውራ ጎዳና 77 እና 81 አንድ አስፋልት ይጋራሉ አለኝ። በአንዱ ታፔላ ወደ ሰሜን ትነዳለህ፣ በሌላው ታፔላ እዚያው ላይ ወደ ደቡብ። መኪናህ ግን በእውነቱ ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው። «ሚስትህ ስትደውል ምን ትላለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ዝም ብዬ ሎኬሽን እልካለሁ» አለ። ትዳር እንዲህ ይመራል።

ደግሞ እኛ ለመገልበጥ አዲስ አይደለንም። አገራችን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ተሻግራለች። አንዳንድ የባጃጅ ልጆች ወሬው ገና አልደረሳቸውም እንጂ።

ቁፋሮው ሲያልቅ መንገዱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቁልቁለቱ ቁልቁለት ሆነ፣ ሰውም እንደ ሰው መውረድ ጀመረ። ታፔላውን ግን የነቀለው የለም። ቀስቱ አሁንም ወደ ጦሳ ነው። ከሥሩ ያለው ሥጋ ቤት ደግሞ ስም አልነበረውም፤ አሁን ሰው ሁሉ ኮምቦልቻ ሥጋ ቤት ይለዋል። ባለፈው ቅዳሜ ጓደኛዬ ደውሎ «ምሳ ኮምቦልቻ እንውጣ?» አለኝ።

ወጣን።