ፕላኑ በሂደት ላይ ነው፤ እልል በሉ

የከተማችን ምክር ቤት ሰሞኑን መደበኛ ጉባኤውን ሲያካሂድ ታድሜ ነበር። የመሬት አጠቃቀምና የልማት ፕላኑ የት ደረሰ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከመድረክ መልስ ተሰጠ፤ «በሂደት ላይ ይገኛል»። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም ከኋላ ረድፍ ሆኜ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። አምናም ለዚሁ መልስ አጨብጭቤያለሁ፤ ካቻምናም እንደዚሁ። በመሃል ከንቲባ ተቀይሯል፣ አዳራሹ ቀለም ተቀብቷል፣ ማይክራፎኑ እንኳ ከመንጫጫት አርፏል። «በሂደት ላይ ይገኛል» ግን አንዲት ፊደል አልጎደለችበትም። በከተማችን ሳይፈርስ የቆየ ቅርስ አሳየን ብትሉኝ፣ እጃችሁን ይዤ የምወስዳችሁ ወደዚህች ዐረፍተ ነገር ነው።

ነገር የማይገባው ሰው «ኧረ ይኼ ፕላን መቼ ነው የሚያልቀው?» ይላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለውን አልሰማም ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስትሉት ደግሞ «እንቁላሉማ ሄደ፤ ዶሮ ሆኖ ለፋሲካም ታረደ፤ አጥንቱን ውሻ ከወሰደው ከረመ» ብሎ ያሾፋል። ለእንዲህ ያለው ሰው የፕላን ጥበብ አይገለጥለትም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 አንድ መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማው ዋና ፕላን፣ 10 ዓመት ያገለግላል ይላል። እንግዲህ አስቡት፤ ፕላን ጸደቀ ማለት ማርጀት ጀመረ ማለት ነው። ምክር ቤታችን አርቆ አሳቢ ስለሆነ ግን ጽንሱን በማኅፀን አቆይቶልናል። ያልተወለደ አያረጅም፤ ያልጸደቀ ፕላንም ጊዜው አያልፍበትም።

ሥራ አልተሠራም የሚል ካለ ደግሞ ውሸቱን ነው። «የነባራዊ ሁኔታ ጥናት» የሚባለው ሲጀመር እኔ ምስክር ነኝ። ቀያሾቹ ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ሰፈራችን መሃል ተክለው ሲያነጣጥሩ፣ ልጆች ፎቶ መስሏቸው ፊት ለፊቱ ተሰልፈው ጥርሳቸውን ሲያሳዩ ዋሉ። በየአጥሩ ጥግ ቀይ ምልክት ተደረገ። አጥሩ ላይ ቀይ ቀለም ያየ ሰው ያን ሌሊት እንዴት እንደሚያድር፣ የደረሰበት ያውቀዋል። ብቻ ጥናቱ አለቀ፤ ተጠረዘ። ሲጠረዝ ግን የተጠናው ሜዳ ሜዳ አልነበረም፤ ሁለት ረድፍ የጨረቃ ቤት በቅሎበታል። በጨረቃ የሚሠራ ቤት በፀሐይ ከሚሠራ ፕላን ሁልጊዜ ይቀድማል። ነባራዊው ሁኔታ ነባር ሆኖ ስላልተገኘም ጥናቱ እንደ አዲስ ተጀመረ። አሁን ሦስተኛው ዙር ላይ ነን። ጥራት ማለት ይኼ ነው።

እስከዚያው የምንተዳደርበት የድሮው ፕላን በማዘጋጃ ቤቱ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ በአራት ሚስማር ተሰቅሏል። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ አረንጓዴው መናፈሻ፣ ሰማያዊው ውሃ ነው። በመስኮት የምትገባው የከሰዓት ፀሐይ ግን ሥራ የማትፈታ ሆና፣ ቀለሙን እየበላች አረንጓዴውን ሁሉ ሰማያዊ አድርጋዋለች። ያለ ምክር ቤት ውሳኔ፣ ያለ አማካሪ ድርጅት፣ ያለ ውሎ አበል የፕላን ክለሳ ጀምራ የጨረሰች እሷ ብቻ ናት። ክለሳዋም ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ መናፈሻ የተባለው ቦታ የውሃ መውረጃ ስላልተሠራለት ክረምቱን ሙሉ ሐይቅ ነው። ባለፈው ዓመት ዳክዬ አይተናል የሚሉ አሉ። እኔ ዳክዬ አላየሁም፤ ያየሁት አንድ ባጃጅ እስከ መሪው ሲሰጥም ነው።

ያለ ጸደቀ ፕላን የመኖር በረከት በደንብ የገባኝ ግን ሰፈሩ ሁሉ እማማ እያለ ከሚጠራቸው ጎረቤቴ ጋር የሄድኩ ዕለት ነው። የወጥ ቤታቸው ጣራ ያፈስሳል። ቆርቆሮውን ለመቀየር የእድሳት ፈቃድ ሊጠይቁ ሲሄዱ ፋይላቸውን ይዤ ተከተልኳቸው። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ትሑት ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው።

«እማማ፣ ፕላኑ ገና ስላልጸደቀ ፈቃድ መስጠት አንችልም። ቦታው መንገድ ይሁን መኖሪያ አልታወቀም።»

«የኔ ልጅ፣ መንገድ ላይ እንዳልተኛሁማ አርባ ዓመት አውቄዋለሁ።»

«እርስዎ ያውቃሉ እማማ፤ ፕላኑ ነው የማያውቀው።»

ስንወጣ ከእማማ ቤት ማዶ ያለው ሕንፃ አራተኛ ፎቁ ላይ ሲሚንቶ ሲያቦካ እንደሚውል ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ያኛውስ እንዴት ተፈቀደለት ብዬ ጠየቅኩ። ልጁ ዐይኑን እንኳ ሳያሽ «ፕላኑ ገና ስላልጸደቀ የሚከለክለው የለም» አለኝ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አድንቁልኝ። ያችው አንዲት ዐረፍተ ነገር ለእማማ መቆለፊያ፣ ለባለ ፎቁ መክፈቻ ሆነች። የጸደቀ ፕላን ቢኖር ሁለቱንም በአንድ ዐይን ያይ ነበር። ያኔ መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ፣ ከልጁ በላይ ያለው ሰውዬ፣ ከሰውዬውም በላይ ያሉት ምን ሠርተው ሊያድሩ ነው? ቁራሹ መሬት ሁሉ ምንም ሊሆን በሚችልበት ከተማ፣ ምን እንደሚሆን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው ሀብታም። ካርታውን ቀለም ቀብቶ አደባባይ መስቀል ይህን ዕውቀት በነጻ ማደል ነው። ማን ሞኝ አለ?

የምክር ቤታችንን ትዕግሥት የሚያጣጥል ካለ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ይመልከት። ፕላን ያልሣለላት ፈረንጅ የለም ማለት ይቻላል። ጣሊያን በገባ ሰሞን ለ ኮርቡዚየ የሚባለው ዝነኛ አርክቴክት ከተማዋን ሳይረግጣት ንድፍ አወጣላት፤ የነበረውን እንዳልነበረ ቆጥሮ ቀጥ ቀጥ ያለ መሥመር አሰመረባት። ጣሊያኖቹ የእሱን ትተው የራሳቸውን ሰዎች ጉይዲንና ቫሌን አሠሩ። ከዚያ ዘመን ስሞቹ ተረፉልን፤ መርካቶ፣ ካዛንቺስ። እ.ኤ.አ. በ1956 የለንደንን ፕላን የሠሩት አበርክሮምቢ መጡ፤ በ1965 ፈረንሳዊው ደ ማርየን። ለእኔ ግን ሁሉንም የሚያስንቀው ከጣሊያን ባለሙያዎች ጋር የተሠራው መሪ ፕላን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ተሠርቶ አልቆ፣ በ1994 ጸደቀ። በመሃል ያሠራው መንግሥት ራሱ ወደቀ። ከተማዋም ስምንት ዓመት ቁጭ ብላ አልጠበቀችም። የተሰፋለት ልብስ ሲደርስ ልጁ ሚስት አግብቶ ነበር፤ ቢሆንም አለበሱት።

የገጠሩንም አንርሳ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይውልም ብሎ ነበር። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። እስኪተካ ድረስም ጥንድ በሬ እንደ ዝንጀሮ ገደል ለገደል ተንጠልጥሎ ሲያርስ ያየ ሰው፣ በሬዎቹ አዋጁን እንዳላነበቡ ይረዳል። ገበሬው ግን ሌላ ማሳ ቢኖረው ገደል ለገደል ባልወጣ ነበር።

ወደ ከተማችን ልመለስ። ሕዝብ አልተሳተፈም እንዳይባል ባለፈው ግንቦት የምክክር መድረክ ተጠርቶ ነበር። ውሃና ቦምቦሊኖ ታደለ፤ ከዕድር፣ ከሴቶች፣ ከወጣቶች ተወካይ ተገኘ። አንድ አዛውንት ተነሥተው የልጆች መጫወቻ ሜዳ ይታሰብበት አሉ። «በግብዓትነት ይወሰዳል» ተባሉና ተቀመጡ። ሜዳው ግብዓት ይሁን አይሁን እንጃ፤ ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ግማሹ ተወስዷል።

በማግስቱ የአዳራሹ ጥበቃ የመድረኩን ባነር ጠቅልሎ ሊጥለው ሲል እማማ ደረሱበት። አሁን ወጥ ቤታቸው አያፈስም። ባነሩ ቆርቆሮው ላይ ሳይሆን ከሥሩ፣ ጽሑፉ ወደ ምድጃው ዞሮ ተወጥሯል። ጫፉን ጢስ አጥቁሮታል እንጂ ቀና ያለ ሰው ያነብበዋል፤ «የመሬት አጠቃቀም ፕላን ዝግጅት የሕዝብ ምክክር መድረክ»። ትናንት ቡና ጠርተውኝ ሁለተኛው ሲቀዳ እማማ ወደ ላይ አንጋጠው፣ «ፕላኑ ሲጸድቅ ይኼን መልሺ ይሉኝ ይሆን?» አሉኝ።

«አይዞዎት» አልኳቸው፤ «ባነሩ ቀድሞ ነው የሚያልቀው።»