«ማትስ ደረሰህ? አይዞህ»

ባለፈው ቅዳሜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት ቡና እየጠጣን ነበር። ልጇ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመቱን ሊጨርስ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ወይም ሒሳብ ብሎ መሙላት አለበት። ላፕቶፑን ከረከቦቱ አጠገብ ከፍቶ «አጎቴ፣ አንተ ማትስ ነበርክ አይደል? የቱን ልያዝ?» አለኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ቤቱ ሙሉ መለሰለት። እናቱ «ኮምፒውተር የሚል ይኑርበት ብቻ» አለች። አንዷ እንግዳ «ሁሉም አይቲ አይደል እንዴ?» አለች። ሌላው ጭራሽ «ዲግሪ ምን ይሠራልሃል? የስድስት ወር ኮርስ ውሰድ፣ ሴኪዩሪቲ ፕላስህን ያዝ፣ ክሊራንስ ያለው ሥራ ግባ፣ አለቀ» አለው። ሴኪዩሪቲ ፕላስ የኮምፒውተር ደኅንነት ሰርተፊኬት ነው፤ ክሊራንስ ደግሞ የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ። ሰውዬው አልተሳሳተም ይሆናል። ከኔ መኪና የእሱ ትሻላለች።

እኔን ያንገበገበኝ ግን የልጁ ጥያቄ ነው። «የቱን ልያዝ?» ይላል! በሱ ዕድሜ እንዲህ ብዬ የጠየቅኩት ሰው የለም። የሚያዝ ነገር አልነበረማ፤ የሚደርስ ነው እንጂ።

የ70/30 ዘመን ልጅ ነኝ፤ አገር ቤት መንግሥት ከመቶ ሰባውን ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳውን ማኅበራዊ ሳይንስ የሚመድብበት ዘመን። ፎርሙ ላይ ኮምፒውተር ሳይንስን አንደኛ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስን ሁለተኛ አደረግኩ። ሒሳብን መጨረሻ አካባቢ የሞላሁት ባዶ መተው ስለማይቻል ነው። ዝርዝሩ ሲለጠፍ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ ስሜን ፈለግኩ። አንደኛው ላይ የለሁም። ሁለተኛው ላይም የለሁም። ዶርም ስገባ ልጆቹ ወሬውን ቀድመው ሰምተው ኖሮ ከአልጋቸው ተነስተው ተቀበሉኝ። አንዱ ሻይ ጋበዘኝ፤ ያ ልጅ ከዚያ በፊት ሰው ጋብዞ አያውቅም። «ማትስ ደረሰህ? አይዞህ።» እናቴ ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲህ አስተማሪነትም ሥራ ነው» አለች።

አስተማርኩ። ከዚያ አሜሪካ መጣሁና የተነፈግኩትን ኮምፒውተር ልማር አንድ ኮሌጅ ሄድኩ። የሒሳብ ክሬዲቴ እንዲያዝልኝ የእያንዳንዱ ኮርስ መግለጫ ማኅተም ተመትቶበት፣ በታሸገ ፖስታ ይምጣ አሉኝ። የአክስቴ ልጅ አገር ቤት ሬጅስትራር ተመላለሰ። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አንድ ቀን መብራት የለም፣ አንድ ቀን ማኅተም የያዘችው ወሊድ ላይ ናት። ስንት ወር ቆይቶ ፖስታው ሲመጣ እዚህ ያለችው ደግሞ «ጠርዙ ተከፍቷል» ብላ መለሰችልኝ። አንዷ ማኅተም ይዛ ወሊድ ትወጣለች፣ አንዷ ሙጫ ትመረምራለች። በመካከል እኔ ካልኩለስ አንድን እንደገና፣ በራሴ ገንዘብ።

የክፍል ጓደኞቼ የ18 ዓመት ልጆች ናቸው። ለፈተና የቀመር ወረቀት ይታደላል! እኛን ሊሚትን በኤፕሲሎንና ዴልታ ካላረጋገጣችሁ ብለው ደም ያስተፉን ሰዎች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን? 98 አገኘሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ይሄን ሁሉ ከየት አወቅክ አለኝ። ምን ልበለው? «ደርሶኝ ነው» በእንግሊዝኛ አይባል።

ኋላ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ጨርሼ ዛሬ የአንድ ሆስፒታል ዳታቤዝ እጠብቃለሁ። ኮድ ከምጽፍበት ጊዜ ስብሰባ የምቀመጥበት ይበልጣል። የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ትምህርትም ለዚሁ ነው የሚያዘጋጀው፤ ዳታቤዝ፣ ሲስተም አናሊስስ፣ ፕሮጀክት ማኔጅመንት። ብዙ ቦታ የሚሰጠው ቢዝነስ ስኩል ውስጥ ስለሆነ አካውንቲንግም ይጨመርበታል። ባልቲሞር አጠገብ ያለው ዩኤምቢሲ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ግን ከኮምፒውተር ሳይንስ ጋር አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ የኮርሱን ዝርዝር አንብቡ። «ኮምፒውተር የሚል ይኑርበት» የምትለው እህቴ ያላየችው፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥ ካልኩለስ፣ ዲስክሪት ማትስ፣ ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባብሊቲ ተሰልፈው እንደሚጠብቁ ነው። ከሒሳብ ሸሽቶ እዚያ የሚገባ ልጅ በጓሮ በር ሒሳብ ቤት ነው የሚገባው።

ምርጫውም ቢሆን እኛ እንደምናወራው ልቅ አይደለም። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስን ቦታው የተወሰነ ፕሮግራም አድርጎታል፤ ፈልጌአለሁ ስላልክ ብቻ አትገባም። ፈረንጅም ምደባ አለው፣ ስሙን አሳምሮ ነው እንጂ።

ሒሳብ የተማረ ግን እዚህ «አይዞህ» አይባልም። ኢንሹራንሶች አክቹዋሪ፣ ማለትም አደጋን በሒሳብ የሚተምን ባለሙያ፣ ብለው ይቀጥሩታል፤ ለሙያው ከሚወሰዱት የመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች አንዱ ፕሮባብሊቲ ነው። ከእህቴ ቤት ብዙም የማይርቀው ፎርት ሚድ የሚገኘው የአገሪቱ የስለላ መሥሪያ ቤት ኤንኤስኤ፣ በገፍ የሒሳብ ሰው ከሚቀጥሩት አንዱ ነው። ዜግነት ይጠይቃል፤ ልጁ ደግሞ እዚሁ የተወለደ ነው።

ይህን ሁሉ ዘብዝቤ ስጨርስ በረካ ደርሷል። ልጁን «ባለፈው ሴሚስተር የትኛው ክፍል ገብተህ ሰዓት ረሳህ?» አልኩት።

«ዲስክሪት ማትስ» አለ። «ፕሩፍ፣ የሒሳብ ማረጋገጫ ስንሠራ።»

እህቴ ሲኒውን አስቀምጣ አየችኝ። «አንተ ነህ ያስለከፍከው!» አለች። የክሊራንሱ ሰውዬ ልጁን ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገውና «አይዞህ» አለው።