ታኦይዝም ለታይ ቺ ሠልጣኝ ይበጀዋልን?

ታይ ቺ በዝግታ የሚሠራ የቻይና ማርሻል አርት ሲሆን ታኦይዝም ደግሞ ጥንታዊ የቻይና ፍልስፍና ነው። የክርክሩ ርዕስ «የታኦይዝም ፍልስፍና የታይ ቺን ልምምድ ጥልቅ ያደርገዋል» የሚል ነው። ደጋፊው የታይ ቺ መምህር ሲሆኑ ተቃዋሚው የውሹ (የቻይና ማርሻል አርት) ፍልሚያ አሰልጣኝ ናቸው።

ደጋፊ፦ በታይ ቺ ቱይሾው የሚባል የጥንድ ልምምድ አለ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ የእጅ አንጓቸውን አነካክተው፣ አንዱ የሌላውን ሚዛን ለማሳት ይሞክራል። ጀማሪ ሲገፉት ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ መልሶም ይገፋል፤ ጓደኛው ድንገት ሲለቅለት ደግሞ በገዛ ጉልበቱ ወደ ፊት ይደፋል። ይህን ሰው ደጋግሞ «ዘና በል» ማለት ብዙም አይፈይድም፤ ያደረቀው የጡንቻው ድካም ሳይሆን ላለመሸነፍ ያለው ጉጉት ነውና። በጥንታዊው ፈላስፋ በላኦ ዙ ስም የሚታወቀው ዳኦ ደ ጂንግ የተባለው የታኦይዝም መጽሐፍ ሕያው ነገር ለስላሳ፣ የሞተ ነገር ደረቅ መሆኑን ሲያሳይና ሳያስገድዱ ስለ መሥራት ሲናገር የሚያክመው ይህንኑ ጉጉት ነው። ፍልስፍናው ለሠልጣኙ ምን እየፈለገ እንደሚለማመድ ይነግረዋል።

ተቃዋሚ፦ የገለጹት ጀማሪ እኔም ዘንድ በየጊዜው ይመጣል፤ የሚድነውም ደጋግሞ በመውደቅ ነው። ትግል የሚማር ልጅ ላኦ ዙ የሚባል ስም ሳይሰማ የገፋውን መሳብ፣ የሳበውን መግፋት ያውቅበታል። ታሪኩም ቢሆን ከእርስዎ ጋር የሚቆም አይመስለኝም። ታይ ቺን የፈጠረው በዉዳንግ ተራራ የኖረ ዣንግ ሳንፌንግ የተባለ የታኦ መነኩሴ ነው የሚለውን ትረካ ታሪክ አጥኚው ታንግ ሃኦ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መርምረው ውድቅ አድርገውታል። ምርመራቸው የመራቸው ወደ ሄናን ክፍለ ሀገር፣ ወደ ቼን ቤተሰብ መንደር ሲሆን፣ በ17ኛው መቶ ዘመን በዚያ ይኖር ወደ ነበረው ወደ ወታደሩ ቼን ዋንግቲንግ ነው። በቼን ስልት ውስጥ ያሉ ብዙ አቋቋሞችም ጄኔራል ቺ ጂጓንግ በ16ኛው መቶ ዘመን ለወታደሮቻቸው ካሰፈሯቸው 32 አቋቋሞች ጋር ይመሳሰላሉ። ሥሩ የጦር ሰፈር ነው፤ ፍልስፍናው በኋላ የተደረበ ካባ ነው ብል ብዙም አልተሳሳትኩም። ካባው ደግሞ ገመናም ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2017 በቼንግዱ ከተማ ሹ ሺያኦዶንግ የተባለ የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚ አንድ የታይ ቺ መምህር ነኝ ባይ በሰከንዶች ውስጥ የዘረረው፣ ሰውየው ስለ ልስላሴ ማስተማርን እንጂ የሚመታውን ሰው መጋፈጥን ስላልተለማመደ ይመስለኛል።

ደጋፊ፦ የመነኩሴውን ትረካ እኔም አላስተምርም። ነገር ግን ያው ወታደር ቼን ዋንግቲንግ እንደጻፈው በሚነገር ግጥም ውስጥ፣ በስተርጅና የቀረው ጓደኛ ሁዋንግ ቲንግ የተባለው የታኦይስቶች መጽሐፍ መሆኑ ተጠቅሷል፤ ካባው ቢያንስ በልኩ የተሰፋ ይመስላል። ከዚህ ይልቅ የታኦይዝም ፈላስፋው ዧንግ ዙ ስለ ሥጋ ቆራጩ ዲንግ የተረከውን ልጥቀስ። የዲንግ ቢላዋ 19 ዓመት ሳይዶለዱም የኖረው አጥንት ስለማይመታና በመገጣጠሚያዎች መካከል ባለው ክፍተት ስለሚገባ ነው። ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ለእኔ ግን ትምህርቱ ያለው ቀጥሎ ነው። ዲንግ ጅማትና አጥንት የተወሳሰበበት ቦታ ሲደርስ ይጠነቀቃል፣ ዓይኑን ይተክላል፣ እጁን ያዘገያል፣ ቢላዋውንም በጥቂት በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል። የእኔ ሠልጣኞች የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሚዛናቸው የሚናጋበት ዙር ላይ ሲደርሱ ፈጥነው ያልፉታል። ይህን ታሪክ አንብበን ስንወያይ ግን የሚያፍሩበትን ቦታ ራሳቸው እየፈለጉ ያዘግማሉ።

ተቃዋሚ፦ በመረጡት ታሪክ ላይ ዲንግ በመጀመሪያ ያየው በሬውን ብቻ እንደ ነበረና ሙሉውን በሬ ማየት የተወው ከሦስት ዓመት በኋላ እንደ ሆነ ራሱ ይናገራል። እነዚያን ዓመታት ያሳለፈው ሲቆርጥ ነው። «በሚከብድህ ቦታ አዝግም» የሚለውን ምክር ማንኛውም የክራር መምህር ይሰጣል፤ ታኦይስት መሆን አያስፈልገውም። አሁንም ፍልስፍናው የጨመረው ነገር ምን እንደ ሆነ አላሳዩኝም፤ ስለዚህ በተግባር እንየው። ተመሳሳይ ልምድ ያላቸውን ሠልጣኞች ለሁለት እንክፈል፤ ግማሾቹ በእርስዎ መንገድ እያነበቡ፣ ግማሾቹ የንባቡን ጊዜም በቱይሾው እያሳለፉ ሦስት ወር ይቆዩ፤ ከዚያም ከማያውቁትና ከማይራራላቸው ሰው ጋር ይጋፉ። አንባቢዎቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ መጽሐፉን ከእርስዎ እዋሳለሁ።