ባትሪ ቀን አለው፣ ጌታዬ!

አሁንስ በዛ! ዛሬም ያው የመኪና ባትሪ መሸጫ ባንኮኒ፣ ያው ፌዝ። ደንበኛው በትህትና «የተመረተበትን ቀን ብታሳየኝ?» አለ። ሻጩ መጀመሪያ እሱን አየው፣ ቀጥሎ ረዳቱን አየው፣ ከዚያ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ባትሪ እርጎ ነው እንዴ ቀኑ የሚታየው?» ረዳቱ ሳቀ። ሻይ ይዛ የመጣችው ልጅ እንኳ ሳቀች! ሰውየው አንገቱን ደፍቶ «አይ፣ እንዲያው ነው...» አለና የሰጡትን ተቀብሎ ከፈለ።

እርጎ ነዋ! ሳይሠራ ቁጭ ያለ ባትሪም በየወሩ ቻርጁን ይጥላል። ሳይሞላ ሲከርም ውስጡ ባለው የእርሳስ ፕሌት ላይ ሰልፌት የሚባል ነጭ ጨው ይጋገርበትና ከዚያ በኋላ ቻርጅ ብታደርጉት ባታደርጉት ያው ነው። ክዳኑ ላይ ወይም ፖሉ (ገመድ የሚታሰርበት ጫፍ) ላይ የተመታውን የቀን ኮድ ፈልጉ። ስቲከሩን አትመኑት፣ ስቲከር ይላጣል፣ ይለጠፋል። ከ6 ወር በላይ የቆየ ከሆነ ለእሱ ለራሱ ተዉለት።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ያዙ፣ አትፈሩ። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያነባል። 12.4 ከሆነ ሩቡን አጥቷል፣ 12.2 ከሆነ ግማሹን። ገና ከቻርጀር ነቅሎ «13 ነው፣ እየው!» ካላችሁ መብራት አብሩበትና ትንሽ ቆይታችሁ ድጋሚ ለኩ፤ ይወርዳል። ሽቦ አገናኝቶ ብልጭታ የሚያሳያችሁንማ ተዉት፣ ሰርከስ ነው። እውነተኛው ፈተና መኪናው ላይ ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ደካማ ነው። ክዳኑ ላይ ያለው አረንጓዴ ዓይንስ? እሱ የሚያየው ከ6ቱ ሴል አንዱን ብቻ ነው፣ የቀሩት 5ቱ ቢሞቱም አያውቅም።

ደግሞ «ትልቅ አምፔር ውሰድ፣ ይሻልሃል» የምትሉ! ባትሪው ላይ የተጻፈው 55ዲ23ኤል እኮ ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። 23ቱ ርዝመቱ ነው በሴንቲሜትር፣ ኤሉ ደግሞ ፖሎቹን ወደ ራሳችሁ ስታዞሩ ፖዘቲቩ በቀኝ ነው ማለት ነው። ኤል ለሚይዝ መኪና አር (ፖዘቲቩ በግራ የሆነውን) ከገዛችሁ ገመዱ አይደርስም፣ ሲጎትቱት ይላላል። በዲ ፋንታ ቢ የተጻፈባቸው ትንንሾቹ፣ እነ ቪትዝ የሚይዙት፣ ብዙዎቹ ቀጭን ፖል ናቸው። ወፍራም ማሰሪያ ላይ ሲገቡ ምን ይደረጋል? ከቆርቆሮ ቁራጭ ተቀዶ ፖሉ ላይ ይጠቀለላል፣ በመዶሻ ጠብ ጠብ ይደረጋል፣ «በቃ፣ ተስተካክሏል!» በሳምንቱ ነጭ ዱቄት ያበቅላል፣ መኪናው ጠዋት «ጭጭ» ይላል፣ ባትሪው ይረገማል።

ሳጥኑ ውስጥ የማይገባውን ደግሞ በገመድ ያስሩታል። በዚህ ኮብልስቶን ላይ! ንዝረቱ ፕሌቱን ያራግፈዋል፣ ዝቃጩ ታች ይጠራቀምና ሴሉ ሾርት ያደርጋል። የአዲስ አበባ አየር እኮ ለባትሪ የተመቸ ነው፤ ሙቀት ነው ባትሪ የሚጨርሰው፣ እንደ አፋር ያለ ቦታ። እዚህ የሚገድለው አሳሳሩ ነው፣ ቻርጅ ማጣቱ ነው፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይ አንድ መኪና ርዝመት ለመጠጋት ሞተር አስነስቶ መልሶ ማጥፋቱ ነው። ሬዲዮው ግን አይጠፋም! (ስለ ነዳጁ ሌላ ቀን እንነጋገራለን፣ ደሜ እንዳይፈላ።)

ጂፒኤስ የሚገጥሙትስ? አንድ የተሳሳተ ሽቦ መኪናው ቆሞ 0.5 አምፔር ከጠጣ በቀን 12 አምፔር አወር ነው። ባለ 45 አምፔር አወሩ ባትሪ 4 ቀን አይሞላም። ቁልፍ ነቅላችሁ፣ በር ዘግታችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ የሚጠጣውን ለኩ፤ ከ50 ሚሊ አምፔር ካለፈ ባትሪ ከመቀየር በፊት ሌባውን ፈልጉ። ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞም ለኩ፤ ሞተር ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት ካልሰጠ አዲሱም ባትሪ ቶሎ ይከተላል።

«እኔ ኤሌክትሪክ ነው የገዛሁት» ብለህ የምትስቅ ወንድሜ፣ ያንተም ውስጥ ባለ 12 ቮልቱ አለ። እሱ ሲሞት ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናህ አይነሳም፣ በሩን ለመክፈትም ቁልፍ ቀዳዳውን ትፈልጋለህ።

ውሃ የሚጨመርበትን የያዛችሁ፣ እባካችሁ አሲድ አትጨምሩ! የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው አለ። ዲስቲልድ ውሃ ብቻ፣ ፕሌቱን እስኪሸፍንና ትንሽ እስኪያልፍ። ከቤት በሃይላንድ የተቀዳ የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ ማዕድኑ ይጎዳዋል።

ሁለት ባትሪ ላይ እኩል 70 አምፔር አወር ተጽፎ አንዱ 3 ኪሎ ከቀለለ፣ የጎደለው እርሳስ ነው፤ ሚዛን አስመጡ። እዚህ ላይ ደግሞ ሻጮቹ ይቆጣሉ! «አትገዛም እንዴ?» ይላሉ። ዋስትና ሲጠየቁ «6 ወር»፣ ሲመለሱባቸው «ዲናሞህ ነው የገደለው»። ደረሰኝ ሲጠየቁ ወረቀት አልቋል። አሮጌውን ባትሪ ግን በነጻ ማስቀረት አይረሱም፣ እርሳሱ ዋጋ እንዳለው አሳምረው ያውቃሉ!

ያ የሳቀው ረዳት ደግሞ የሰውየውን አሮጌ ባትሪ ሊነቅል ፖዘቲቩን ቀድሞ ሲፈታ መፍቻው ኮፋኖ ሥር ያለውን ብረት ነክቶ ብልጭ አለ። ቀድሞ የሚፈታው ኔጋቲቩ ነው፣ መጨረሻ የሚታሰረውም እሱ ነው። ማሰሪያውን እንኳ ሳያጠብቅ ኮፋኖውን ዘግቶ፣ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ጉርሻ!