የጾም ክትፎ፣ ለብ ለብ

ሰሞኑን በየምግብ ቤቱ ደጃፍ የቆመውን ሰሌዳ ያላየ ካለ እግዜር የወደደው ነው። «የጾም ክትፎ። የጾም ዱለት። የጾም ጎረድ ጎረድ። የጾም በርገር።» የምግቦቹ ስም በጠመኔ ነው። ከአናታቸው ግን በዘይት ቀለም አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ተሥላ «ከሥጋ ርቀን ምድርን እናድን» ትላለች። ሽሮ ከሁሉም ግርጌ፣ ሠርግ ቤት እንደመጣ ድኻ ዘመድ፣ ጥጓን ይዛ ተቀምጣለች።

ለዚህ ሥልጣኔ ምስጋና ያንሰዋል። የድሮ ሰዎች ሲጾሙ ሥጋን ይረሱት ነበር አሉ፤ ኋላ ቀርነታቸው ያሳዝናል። የዛሬው ጾመኛ 55 ቀን ሙሉ ሥጋን ለአንዲት ደቂቃ አይዘነጋም። በስሙ ይጠራዋል፣ በቀለሙ ያየዋል፣ በሽታው ይለየዋል፤ ብቻ አይበላውም። እንዲህ ያለ ታማኝነት በትዳር እንኳ አይገኝም።

የጥበቡ ጫፍ ክትፎው ነውና እሱ ጋ እንቆይ። የሚሠራው ዘይቱ ተጨምቆ ከወጣለት የአኩሪ አተር ዱቄት ነው። ዱቄቱ ፋብሪካ ውስጥ ረጥቦ በሙቀትና በግፊት በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋ እንደ ስፖንጅ ይነፋና ይደርቃል፤ «የሶያ ሥጋ» የሚሉት ይኼንን ነው። ግማሽ ኪሎው ጨው ባለው ሙቅ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል ሲዘፈዘፍ ጠጥቶ ጠጥቶ ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል። ምግብ ቤቱም ከሁሉ የሚወድለት ይህን ጠባዩን ነው፤ የቧንቧ ውሃ በክትፎ ዋጋ የሚሸጥበት ሌላ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም።

ከዚያ መጨመቅ ነው። እዚህ ላይ የሰነፈ ወጥ ቤት ጉድ ይፈላበታል፦ በደንብ ያልተጨመቀ ሶያ ጣባው ላይ ጥቂት ሲቆይ ማልቀስ ይጀምራል፣ ቅቤውም (ቅቤ ስንል የምናውቀውን እናውቃለን) በእንባው ላይ ይንሳፈፋል። ተጨምቆ በቢላ ይከተከታል። ቀጥሎ ቀለም፦ ቀይ ሥር ተፈቅፍቆ ጭማቂው ይታሽበታል። መቅላት ያለበት ቅባቱ ሳይገባ ነው። ቅባት ቀድሞ ከለበሰ ቀለሙ አይዘልቀውም፣ ክትፎውም ዥንጉርጉር ሆኖ ይቀርባል። ቅቤ የተባለው ደግሞ የሚረጋ የፓልም (የዘንባባ) ዘይት ነው፤ ከኮሰረት፣ ከኮረሪማ፣ ከአብሽና ከእርድ ጋር ተነጥሮ «የጾም ንጥር» የሚል ማዕረግ ያገኛል። የፓልም ዘይት የሚቀልጠው 35 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በአዲስ አበባ ብርድ ጨዋታ ያበዛ ሰው ክትፎው ሻማ ለብሶ ይጠብቀዋል፤ ቀሪው ላንቃው ላይ ይለጠፍና እስከ ማታ አብሮት ይውላል። ከጎን «አይብ» አለ፦ የአኩሪ አተር ወተት ፈልቶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት የረጋ። በዚህ ሁሉ መሀል ቆጮ ብቻ፣ ድሮም እንሰት ስለነበር፣ ማንንም መምሰል ሳያስፈልገው በገዛ ስሙ ይቀርባል።

ይህ ሁሉ ከመዘጋጀቱ በፊት ግን አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «ጥሬ ይሁን፣ ለብ ለብ ወይስ የበሰለ?»

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የበሬ ሥጋ እሳት የሚነካው ኮሶ ተፈርቶ ነው፤ አኩሪ አተር ውስጥ የኮሶ እጭ በባትሪ ቢፈለግ አይገኝም። ደንበኛው ግን ያስባል። ግንባሩን ቋጥሮ ያስብና «ለብ ለብ፣ ግን ወደ ጥሬው ጠጋ ያለ» ይላል። ወጥ ቤቱም ይታዘዛል። ይባስ ብሎ ተፈጥሮም አብራ ታሾፋለች፦ የቀይ ሥር ቀለም ሙቀት አይችልም፣ ሲግል እየወየበ ወደ ቡኒ ይሄዳል። ስለዚህ «የበሰለ» ያለው በእርግጥም የበሰለ የሚመስል ይመጣለታል፣ «ጥሬ» ያለውም ደም የመሰለ። አንዱ ይጎርስና ዓይኑን ጨፍኖ «ሥጋውን ያስንቃል!» ይላል። ጓደኛው ስፔሻል ያዛል፤ የስፔሻሉ ልዩነት የሚረጋ ዘይቱ መብዛቱ ነው። ሦስተኛው ሲያበቃ ስንጥር አስመጥቶ ጥርሱን ይጎረጉራል። ከሶያ ውስጥ የትኛው ጅማት እንደተሰካበት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«ማስመሰልማ የአያቶቻችንም ነው» የሚል አይጠፋም፤ ልክ ነው። የሽምብራ ዱቄት በዘይትና በቅመም ተለውሶ፣ በአሳ ቅርጽ ተጠፍጥፎ፣ ተጠብሶ ቁሌት ውስጥ ሲገባ የሽምብራ አሳ ይባላል። ቡጢቻም ቢሆን ከሩቅ ላየው እንቁላል ፍርፍር ነው። ስልጆማ ከነጭራሹ ማንንም ሳይመስል፣ የባቄላ ዱቄትና የሱፍ ውሃ ተገናኝተው፣ በሰናፍጭ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጤና አዳም ቀናት ቆይቶ ሲኮመጥጥ ወተት የሌለበት ቤት የወተት ተዋጽኦ አያስናፍቅም።

ብቻ የአያቶቻችን አሳ የሚጠመደው ከደጃቸው ማሳ ነበር። ሽምብራ ክረምቱ ሲያባራ፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ መረሬ አፈር ላይ ተዘርቶ፣ አፈሩ ቋጥሮ ባስቀረው እርጥበት ብቻ የሚደርስ ሰብል ነው። መስኖ አይጠይቅም። ናይትሮጅኑን ራሱ ከአየር ይወስዳል፣ በዓመቱ ለሚተካው ጤፍ ወይም ስንዴም ያስተርፍለታል። የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ማርዬ፣ አረርቲ፣ ሀብሩ እያለ ዝርያ አውጥቶለታል፤ በአፍሪካ ሽምብራ በማምረት የሚቀድመን የለም። አኩሪ አተሩ እንኳ ፓዌና ጅማ አካባቢ ይበቅላል፣ እሱን ምን አድርገን እንከሳለን። ዘይቱ ነው ጉዱ። ሱፍ፣ ኑግና ሰሊጥ ያለን ሰዎች በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ፣ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ ዘንባባ የተጨመቀውን በመርከብ አስጭነን፣ በዶላር ከፍለን፣ ቅጠል ሥለንበት «ምድርን እናድን» እንላለን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ሽሮን ተመልከቷት እስቲ፣ ያቺን የግርጌዋን። ደረቅ ሽምብራን ሙሉውን ልቀቅል ያለ ሰው ሌሊቱን ካልዘፈዘፈው በቀር እሳት ሥር ሁለት ሰዓት ያህል ይቀመጣል። ሽሮ ይህን ዕዳ አንድ ጊዜ ከፍላ ጨርሳለች፦ ታምሳ፣ ተከክታ፣ ተነፍሳ፣ ከበርበሬው፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከኮረሪማውና ከበሶብላው ጋር ተፈጭታ ስለምትቀመጥ በ20 ደቂቃ ከምድጃ ትወርዳለች። መጓጎሏን የፈራ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ያስገባታል፤ ሌላ ምስጢር የላትም። እንጨትና ከሰል ለሚያነድ አገር ከዚህ የበለጠ የደን ጥበቃ ማን ሊቀርጽ ነው? ችግሯ ፕሮጀክት አለመሆኗ ነው። ዓርማ የላትም፣ ቲሸርት አላሳተመችም።

የፕሮጀክቱ ሰዎች ሌላ ናቸው። ስለ አየር ንብረት ሊወያዩ ሆቴል አዳራሽ ይገቡና በሻይ ሰዓት ስለ ምግብ ብክነት ስላይድ ያያሉ። ምሳ ሰዓት የጾም ቡፌው ፊት ሰልፍ ነው። ሳህኑ ፎቅ ይሠራል፦ ምድር ቤቱ ሩዝ፣ አንደኛ ፎቁ ፓስታ፣ ሁለተኛው ምስርና ጎመን፣ ጣሪያው ሳምቡሳ፣ በረንዳው ላይ የጾም ኬክ። ግማሹ ሳይነካ ይነሳል፤ ቆሼ ደርሶ ከቆሻሻው ሥር ሲበሰብስም በላሟ ላይ ስላይድ የተሠራበትን ያንኑ ሜቴን የተባለ አየር የሚያሞቅ ጋዝ ያወጣል።

ቁጥሩ ግን እውነት ነው፣ አይካድም። እ.ኤ.አ. በ2018 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ በወጣው የፑርና የኔሜቼክ ጥናት መሠረት 100 ግራም ፕሮቲን ለሥጋ ከሚረባ በሬ ለማግኘት በአማካይ ወደ 50 ኪሎ የሚጠጋ ሙቀት አማቂ ጋዝ ይወጣል፤ ያንኑ ከአተር ለማግኘት ግማሽ ኪሎ አይሞላም። የአገራችን አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም የ2010ን (እ.ኤ.አ.) ልቀት ሲቆጥር ከ40 በመቶ በላዩን የጻፈው በከብት እርባታ ስም ነው። ጾመኛው ይህን ያነብና ጣቱን ያጥፋል፦ ሁዳዴ፣ ሲደመር ፍልሰታ፣ ሲደመር ነቢያት፣ ሲደመር ረቡዕና ዓርብ። ሲደምር ምድርን የሱ ባለዕዳ ሆና ያገኛታል።

የረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው። ላሟ አትጾምም። 70 ሚሊዮን የሚጠጋው ከብታችን ከዘወረደ እስከ ሆሳዕና ጭዱን እያመሰኳ ማግሳቱን አያቋርጥም፤ የሚያገሳው ሜቴን ደግሞ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። በሬው ዛሬ አልታረደም ማለት ለፋሲካ ተቀጠረ ማለት ነው፤ እስከ ቀጠሮው ይበላል፣ ያገሳል። ወተቱም አይቆምም። ያልታለበ ጡት ያብጣል፣ ይታመማል፤ ስለዚህ ትታለባለች። ታልባ ግን ገዢ የለም። ማቀዝቀዣ የሌለው ገበሬ የጠዋቱ ወተት ከሰዓት ይኮመጥጥበታል፤ ጊዜና ጉልበት ያለው ይንጠዋል፣ የሌለው ይደፋዋል። ያ ሁሉ መኖ፣ ያ ሁሉ ግሳት፣ ለቦይ ነው። ዋጋው ቀንሶ ወተቱ ሲደፋ ማንም ሰሌዳ አያቆምም።

አሳ እየበላ የሚጾመውንም ሳናመሰግን አንለፍ። «አሳ ሥጋ አይደለም» ብሎ ከሊቃውንቱ ቀድሞ ፍርድ የሰጠ ደፋር ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ትገባለች። ባርበስ ከሚባሉት የጣና ሐይቅ አሳዎች ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች የሚወጡትም በዚያው ክረምት ነው። መረቡ ወንዙ አፍ ላይ ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል፤ አንዲት አሳ ስትያዝ በሆዷ ያለው ትውልድ አብሯት ይያዛል። እንዲህ እየተያዙ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የነዚህ ባርበሶች ክምችት ሦስት አራተኛው ያህል አልቋል። ይሁን፣ ሎሚ ሲጨመቅበት ይጥማል።

ባሕር ማዶ ያለውም ወገን አልሰነፈም። ዋሽንግተን አካባቢ የኛ በየአይነቱ «ቬጂ ኮምቦ» ተብሎ ከእንስሳ የተገኘ ምንም ለማይበላው ቬጋን ይቀርባል፣ ያኮራል። «ሽሮው ቅቤ አለበት?» ብሎ ሲጠየቅ «ኧረ የለበትም» የሚል ቤት አይጠፋም። ደግሞ ሲጠየቅ «ትንሽ፣ ለሽታ ያህል» ይላል።

ከዚያ ፋሲካ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ቀልዱ ይቁም። ምድርን ሲያድን የከረመው ሰው በዋዜማው በግ ይገዛል። አራት እግሩን በሲባጎ ጠፍሮ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ከዕቃ መጫኛው ብረት ጋር ያስረዋል፣ ወይም መኪናው ኋላ ከቶ ክዳኑን ይዘጋበታል። ዶሮዎቹን እግር ለእግር አስሮ፣ ቁልቁል ዘቅዝቆ፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት ጉንጉን እያወዛወዘ ገበያ ይዞራል። በሬው ከሩቅ አገር ቆሞ ተጭኖ፣ ውሃ ሳይቀምስ፣ እየወደቀ እየተነሳ ይደርሳል። ይኼ ባህል አይደለም። ሃይማኖትም አያውቀውም። ጭካኔ ነው፣ ያውም ያለ ጥቅም፤ በግ በገመድ ተስቦ ይሄዳል፣ ዶሮ በቅርጫት ይያዛል፣ አንድ ባልዲ ውሃ ማንንም አያደኸይም። 55 ቀን ከእንስሳ ርቆ የከረመ ሰው በ56ኛው ቀን እንስሳ እንዴት እንደሚያዝ ካላወቀ ከምን ነበር የጾመው?

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። በበዓሉ ማግስት ያ ምግብ ቤት እርጥብ ጨርቅ ይዞ ይወጣል። የጾም ክትፎ፣ የጾም ዱለት፣ የጾም ጎረድ ጎረድ በአንድ እጅ ጥርጊያ ይጠፋሉ፤ ሽሮም አብራ ትጠረጋለች። በቦታቸው «እንኳን አደረሳችሁ! ቁርጥ፣ ጥብስ፣ ክትፎ ጀምረናል» ተብሎ ይጻፋል። ቅጠሏ ግን የዘይት ቀለም ናትና በውሃ አትለቅም፤ ከቁርጡ ዋጋ በላይ «ከሥጋ ርቀን ምድርን እናድን» እንዳለች ትቀራለች። አስተናጋጁም ጎንበስ ይላል፦ «ጥሬ ይሁን፣ ለብ ለብ ወይስ የበሰለ?»